የሐረር ፔጆ፣ የእጅ ፍሬኑና ቀዩ መብራት

ሐረር የገባ እንግዳ ከጀጎል ግንብ ቀጥሎ ካሜራውን የሚያወጣው ለፔጆዎቹ ነው። ሌላ አገር በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ለበዓል ብቻ የሚነሳው ፔጆ 404 እዚህ ተማሪ፣ ነጋዴና የገበያ ዘንቢል ጭኖ ይመላለሳል። ባጃጅ ሥራውን ቢሻማውም ከከተማዋ መልክ አልወጣም።

የሐረር ሰው በፔጆው ቢኮራ አይፈረድበትም። 404ን የቀረጸው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ለገበያ የቀረበውም በ1960 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ያን ውድድር የሚያውቅ ሰው አራት ጊዜ ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጭቃው፣ አቧራውና ድንጋዩ ከኛው የሐረርጌ ገጠር መንገድ ብዙም የሚለይ አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ የሰው መጫኛው ሞዴል መመረት ያቆመው በ1975 ሲሆን ኬንያ ውስጥ ግን 404 እስከ 1991 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ ከፈረንሳዩ ፋብሪካ የወጣ የሰው መጫኛ ፔጆ 404 ካያችሁ፣ የመጨረሻው ታናሽ እንኳ ሃምሳ ዓመት ደፍኗል።

የዚህን ጎልማሳ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ነው እዚህ የማነሳው፤ የእጅ ፍሬኑንና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለውን፣ ቀይ መብራት። የሚነገረው ለፔጆ ብቻ አይደለም። ቮልስ ያለውም፣ ላዳ የሚነዳም፣ ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ ቶዮታ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስነሳም ይጠቀምበታል።

ከእጅ ፍሬኑ እንጀምር። በዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች ሁለት የፍሬን መንገድ አለ። የመጀመሪያው በእግር የሚረገጠው ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ማስተሩ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ አራቱም ጎማ ጋ ይደርስና ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ሁለተኛው የእጁ ነው። እሱ ከዘይቱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እጀታውን ስትስቡ አንድ የብረት ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱ ከመኪናው ሆድ ሥር ወደ ኋላ ሄዶ ለሁለት ይከፈልና የኋላ ጎማዎቹን ሸራዎች በማንሻ ከፍቶ ታምቡሩ ላይ ያሳርፋቸዋል። እጀታው ሥር ያለው ጥርስ ደግሞ የሳባችሁትን ያህል ይዞ ያስቀራል። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የጥርሱ ነው።

የፊት ወንበራቸው አንድ ወጥ በሆነና ማርሻቸው በመሪው ዘንግ ላይ በተተከለ መኪኖች ላይ፣ ፔጆ 404 ከነዚህ አንዱ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። ወደ ራስ እየሳቡ ይይዙታል፤ ለመልቀቅ ደግሞ እንደ አሠራሩ ይጠመዘዛል ወይም ቁልፉ ይጫናል። ይህ ቦታ አንድ ችግር አለው። በሁለት ወንበሮች መካከል የቆመ ማንሻ ሲሳብ በዓይን ይታያል፤ ከዳሽቦርድ ሥር ያለው ግን ግማሽ ተስቦ ቢቀር ሹፌሩ ላያየው ይችላል። አስጠንቃቂ መብራት የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ዓይነቱ እጀታ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን መብራቱ የላቸውም።

ግማሽ የተሳበ የእጅ ፍሬን ይዞ መሄድ ምን ያመጣል? ብዙ ሰው «ሸራ ይበላል፣ ቤንዚን ይጨርሳል» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፤ ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሸራው ታምቡሩን እያሸ ሲሄድ ታምቡሩ ይግላል። ግለቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ እዚያው ጎማ ውስጥ ያለውን የፍሬን ዘይት ያፈላዋል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይሟሽሻል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማወቅ ጥሩ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይደለም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ ውኃ የመሳብ ጠባይ ስላለው ይህ ለውጥ መኪናው ቆሞም ይቀጥላል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚባለው ለዚህ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ዓመት የከረመ፣ ሻይ የመሰለ ዘይት ማየት ብርቅ አይደለም። ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምርበትም አለ፤ ይህን ጨርሶ አታድርጉ። የሞተር ዘይት ማስተሩ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ጥገናው ዘይት በመቀየር አያልቅም።

ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ የመኪና ማቆሚያ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ልክ አይመስለኝም። በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የእግሩ ፍሬን አንድ ወጥ የዘይት መስመር ነው። አንድ ቱቦ ቢቀደድ፣ አንድ ጎማ ጋ ቢያፈስ፣ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። መስመሩን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ ማድረግ የተለመደው ኋላ ነው፤ አሜሪካ ይህን አሠራር፣ ከማስጠንቀቂያ መብራቱ ጋር፣ ለአዲስ አውቶሞቢሎች ግዴታ ያደረገችው በ1968 ነበር። አንድ መስመር ብቻ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው ያለችው መጠባበቂያ ያቺ የብረት ገመድ ብቻ ናት።

አሁን ወደ መብራቱ። በዘመናዊ መኪና ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ወይም «ፒ» የምትባለው የላቲን ፊደል ትበራለች። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህች አንዲት መብራት ለሁለት ጌታ የምታገለግል መሆኗን ነው። አሠራሯን በቅርበት እንየው። ከፊውዝ የሚመጣ ኤሌክትሪክ አምፖሏ ጋ ይደርሳል። አምፖሏ እንድትበራ ሌላኛው ጫፏ ከመኪናው ብረት ጋር መገናኘት አለበት። ይህን የሚያገናኙ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ የእጅ ፍሬኑ እግር ሥር ያለች ትንሽ መጫኛ ናት፤ እጀታው ሲሳብ ትለቀቅና መስመሩን ትዘጋለች፣ መብራቱ ይበራል። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ሥር የሚንሳፈፍ ተንሳፋፊ ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል ይወርድና እሱም በበኩሉ መስመሩን ይዘጋል። አምፖሏ የትኛው በር እንደተዘጋ አታውቅም። ሁለቱንም በአንድ ቀይ ትናገራለች።

ከዚህ የሚወጣው የአነዳድ ደንብ አጭር ነው። ቀዩ ከበራ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው መልቀቃችሁን አረጋግጡ። አንዳንድ አሮጌ እጀታ በገመዱ መላላት ወይም በዝገት ምክንያት የመጨረሻዋን ጥቂት ርቀት አይመለስም፤ በእጅ ሲገፉት መብራቱ ይጠፋል። ካልጠፋ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን እዩ። ጎድሎ ከሆነ ጨምሮ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ዘይቱ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ወይ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሸራው አልቆ ዘይቱ ቦታውን ሊሞላ ወርዷል። ሁለቱም ወደ ጋራዥ የሚያስኬዱ ናቸው። መታጠፊያ ላይ ወይም ቁልቁለት ስትይዙ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቀይ ደግሞ ዘይቱ አፋፍ ላይ መድረሱን ነው የሚነግራችሁ። መኪናው ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ መንገዱ ሲቃና ይመለሳል። «ገመድ ተነካክቶ ነው» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እሱ ነው።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስተው የማይበራ መብራት ነው። አዲስ መኪና ላይ ቁልፉን ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራቶች ለአፍታ ይበራሉ፤ ራሳቸውን እየፈተሹ ነው። አሮጌ መኪና ላይም የሞተር ዘይትና የባትሪ መብራቶች ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መብራት አለባቸው፤ ካልበሩ የሞተሩ ጤና ሳይሆን የአምፖሉ መቃጠል ነው የሚታያችሁ። የእጅ ፍሬኑን መብራት ለመፈተሽ ቁልፉን አዙሮ እጀታውን መሳብ ይበቃል። የዘይት ተንሳፋፊውን ግን ሰው አይፈትሸውም። የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ፣ ቁልፉን አዙራችሁ፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከነተንሳፋፊው ቀስ ብላችሁ አንሡት። ተንሳፋፊው ወደ ታች ሲንጠለጠል ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መታየት አለበት። ካልታየ መብራቱ ለጌጥ የተሰቀለ ነው። ይህን ስትሠሩ ዘይቱ ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቀቁ፤ የመኪና ቀለም ይልጣል።

ስለ ሌሎቹ መብራቶች ብዙ አልልም፤ አንዳንዱን ግን ማለፍ አይቻልም። የሞተር ዘይት ግፊትን የሚያሳየው ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ፣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። «እስከ ጋራዥ ልድረስ» አይባልበትም። ከእጅ ፍሬን መብራት ጋር አታምታቱት፤ አሮጌ ዳሽቦርድ ላይ ምልክት የሌላቸው፣ ወይም ምልክታቸው የተፋቀ ቀይ ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ስለሚገኙ መምታታቱ የታወቀ ነው። የራሳችሁን መኪና መብራቶች አንድ ቀን በሰላሙ ጊዜ አንድ በአንድ አብሩና የትኛው የማን እንደሆነ ለዩ። የባትሪው መብራት ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አለመሆኑን ይናገራል፤ ቀን ከሆነ ጋራዥ ድረስ ያደርሳችኋል፣ ማታ መብራት ካበራችሁ ግን ብዙ አትሄዱም። የሙቀቱ ነገር ፔጆ 404 ላይ ለብቻው ታሪክ አለው። የማቀዝቀዣው ፋን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝና የሚለቀቅ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ማግኔቱ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ለጊዜው የሚደነቅ ብልሃት ነበር። ዛሬ የሙቀት ጠቋሚው መርፌ ዳገት ላይ ከወትሮው ከፍ ካለባችሁ ውኃ ከማየት ጋር ይህን ማግኔትም አስፈትሹ።

ወደ ሐረር መንገዶች እንመለስ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ሲቆም ስለ መኪና ያሰበ የለም። ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከነጠባብ መተላለፊያዎቿ ነው፤ አብዛኞቹም ለእግረኛና ለአህያ የተተዉ ናቸው። መኪና የሚገባው ሰፋ ባለው መንገድ፣ በሐረር በር በኩል ወደ ፈረስ መጋላ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ወደሚሰማበት መኪና ግርግር ሲወርዱ፣ ያለው መኪና የስፌት ብቻ ነው። ፔጆው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ሲቆም ምን እንደሚደረግ ተመልከቱ። ሹፌሩ ይወርድና በእግሩ ድንጋይ ገፍቶ ከጎማው ሥር ያስገባል። ያቺ ድንጋይ ታኮ ናት። መኪናው አሮጌ ስለሆነ የሚያፍርባት ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ከብዙ የእጅ ፍሬን ይልቅ አምናታለሁ። መጥፎዋ ነገር አንድ ነው። ሹፌሩ ሲነሳ ይረሳታል፤ ወይ መኪናው እየዘለለ ይወጣባታል፣ ወይ መንገድ መሐል ተትታ ትቀርና የሌላውን ባጃጅ ጎማ ትጎዳለች። «አቦ፣ ድንጋይህን አንሳ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ከተሰማ ሰውየው ትክክል ነው።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ መኪና ማቆም ቅደም ተከተል አለው። እግራችሁ ፍሬን ላይ እንዳለ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ከዚያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳለ እግራችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡና መኪናው ሸክሙን እጅ ፍሬኑ ላይ ይጣል። ከተንሸራተተ እግር ፍሬኑን ይዛችሁ እንደገና ሳቡ። ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ነው ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ የሚገባው፤ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ብዙዎች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል። መጀመሪያ ማርሽ ያስገቡና እግር ያነሳሉ፣ መኪናው ማርሹ ላይ ይንጠለጠላል፣ የእጅ ፍሬኑ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስትነሱ ማርሹ አልወጣ ብሎ የሚያስቸግራችሁ ከዚህ የተነሳ ነው። በመጨረሻ መሪውን አዙሩ። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዎች ወደ መንገዱ ዳር ይዙሩ። ዳገት ላይ ደግሞ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለ ወደ መሐል አዙሯቸው፤ መኪናው ቢንሸራተት ጎማው ወደ ኋላ ሄዶ ጠርዙን ይደገፋል። ጠርዝ ከሌለ ዳገት ላይም ወደ ዳር ይሁን። ድንጋዩም በሚወርድበት በኩል ይግባ።

ዝናብ ከመታው ወይም ከታጠበ በኋላ መኪናችሁን ለብዙ ቀን የምታቆሙት ከሆነ ግን የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ። እርጥብ ሸራ ከታምቡር ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ በሳምንቱ ስታስነሱት የኋላ ጎማው አልዞር ይላል። ሜዳ ቦታ፣ ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይበቃል። ከረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ ፍሬኑ በጋለበት ሰዓትም አጥብቆ መሳብ ደግ አይደለም። የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብና በሸራው ላይ ይቆነጥጣል። ኋላቸው ዲስክ በሆነ መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይላላና በደህና ያቆማችሁት መኪና ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እነሱን ማርሽ ሳታስገቡ ከቁልቁለት በኋላ አትተዉ።

ረጅም ቁልቁለት ካልን ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን ደንገጎን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ግን ልዩነቱን በየኪሎ ሜትሩ እኩል አያከፋፍለውም። አወዳይንና ሐረማያን እስክታልፉ ድረስ መንገዱ የደጋ ሜዳ ነው፣ ሹፌሩም ዘና ይላል። ደንገጎ ላይ ምድር ከፊታችሁ ይጎድላል። ከዚያ እስከ ድሬዳዋ በጠመዝማዛ የሚወረደው ቁልቁለት ከከተሞቹ የከፍታ ልዩነትም ይበልጣል፤ ደንገጎ ራሱ ከሐረር ከፍ ያለ ነውና።

እዚህ አሮጌ መኪና የሚድነው በማርሽ ነው። ቁልቁለቱን ከመያዛችሁ በፊት ከበድ ወዳለ ማርሽ ግቡ፤ ዳገቱን ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ዛሬም አልተሻረም። ፍሬኑን እየረገጡ መልቀቅ እንጂ ያለማቋረጥ ነክቶ መያዝ አያስፈልግም። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም በዜሮ ማርሽ መውረድ ግን እብደት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሞተሩ ፍሬንነት ይቀራል፤ የእግር ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ጉልበትም፣ መኪናው እሱ ካለው፣ ጥቂት ረገጣ ቆይቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የዳነው ቤንዚን ስንት ብር እንደሆነ አስቡት።

እንዲህም ሆኖ ፔዳሉ ወለል ቢነካ? ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት፤ አረፋ ከሆነ ጥቂት ኃይል ሊመለስ ይችላል። በዚያው ቅጽበት ማርሽ ቀንሱ፣ በአንድ ጊዜ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ። የእጅ ፍሬኑን አሁን ተጠቀሙበት፤ ግን ጥርሱ እንዳይይዝ መልቀቂያውን ተጭናችሁ ወይም እጀታውን ጠምዝዛችሁ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ አድርጉት። ባንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፣ የመኪናው ጭራ ወደ ገደሉ ይዞራል። የእጅ ፍሬን ሁለት ጎማ ብቻ ስለሚይዝ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የማቆም አቅም የለውም፤ ፍጥነቱን አብርዶ ማርሹን እንዲረዳ ነው የምትፈልጉት። ከዚያ ዳገት ያለበትን መገንጠያ፣ ካጣችሁ የተራራውን ግድግዳ ጎን ፈልጉ። መለከቱንም አትርሱ። በዜና «ፍሬን እምቢ ብሎት» እየተባለ ከሚነገረው አደጋ አንዳንዱ እጁ የደረሰበትን እጀታ ሹፌሩ ስላላሰበው የከፋ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እጀታው በዚያ ሰዓት እንዲሠራ ግን ከዚያ በፊት መሥራት አለበት። ፈተናው ቀላል ነው። ሜዳ ቦታ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡና በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ደህና ፍሬን ከሆነ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ሊጠፋም ይደርሳል። ምንም ሳይመስለው ከተራመደ የእጅ ፍሬን የላችሁም። ጥርሱንም ቁጠሩ። ብዙ መኪኖች ላይ ከ4 እስከ 7 ያህል ጠቅታ ውስጥ መያዝ አለበት፤ እጀታው ደረታችሁ እስኪደርስ ከመጣ ሸራው አልቋል ወይም ገመዱ ተለጥጧል።

አሁን ጋራዥ ስትሄዱ አንድ ነገር አስተውሉ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ በሁለት ደቂቃ ገመዱን አሳጥሮ «አለቀ» ካላችሁ ሥራው አላለቀም። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ታምቡሩ ውስጥ ያለው የሸራ ርቀት ነው፤ አሮጌ መኪኖች በራሳቸው አያስተካክሉትምና በእጅ ይጠበቃል። ገመዱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ርቀቱ ሳይነካ ገመዱ ብቻ ካጠረ ጎማው ሲሄድ ይታሻል፣ ቅድም ያልነው መጋልና መፍላት ይመጣል። ስለዚህ ታምቡሩ ሲፈታ ቆማችሁ እዩ። ሸራው ላይ የቅባት ጥቁር ርጥበት ካለ አንድ ጎሚኒ አፍስሷል ማለት ነው፤ እሱ ሳይቀየር ሸራ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ከጥገናው በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ጎማው መሐል አስጠጉ፣ ሳትነኩት። አንዱ ጎማ ከሌላው ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ያ ጎማ ታስሯል።

መብራቱ ለሌለው መኪና ደግሞ መብራት መግጠም ከባድ አይደለም። አንድ ትንሽ ቀይ አምፖል፣ አንድ መጫኛ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና አንድ ፊውዝ ነው። መጫኛዋ እጀታው ሲሳብ በምትለቀቅበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ የማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ክዳኑ ተንሳፋፊ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ የሚገጥም ከተገኘ ደግሞ በዚያው አምፖል ላይ ይያያዛል። «የመኪናው ጥንታዊነት ይበላሻል» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። መኪናው በኤግዚቢሽን ለሚቆምበት ሰው እሺ ይሁን፤ ደንገጎን ሰው ጭኖ ለሚወርድ ግን ይህ ክርክር ዋጋ የለውም።

በ2024 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየከተማው የምናያቸው አዳዲስ መኪኖች የእጅ ፍሬናቸው በአብዛኛው አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት። ስትጫን ሞተር ይስበዋል፣ መብራቱም የራሱን ስህተት ራሱ ይናገራል። ፔጆ 404 ላይ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሹፌሩ ነው። እንግዲህ ፔጆ፣ ቮልስ ወይም ላዳ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉልኝ፤ የእጅ ፍሬኑን ሜዳ ላይ በአንደኛ ማርሽ ፈትኑት፣ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ቀለሙን እዩ። ሻይ ከመሰለ ወደ ደንገጎ ከመውረዳችሁ በፊት አስቀይሩት።